ከአባባ ቱታ የተሰፋ ትራስ

ጥቅምት 8

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጋሼ እንዴት አደረ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ አጀማመር አላውቅም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስልኬን እንደማታነሺ፣ ድምፄን ስትሰሚ እንደሚያምሽ፣ ከእንግዲህ የምለው ሁሉ በወረቀት እንዲሆን ጽፈሻል። «በአፍህ ያልከውን ነገ ትክደዋለህ» ብለሻል። ይሁን። የአውቶቡሱ ሹፌር ጋሼ በተኛበት ሆስፒታል በር ስለሚያልፍ በእሱ እጅ እልክልሻለሁ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው። ገመዱ አልተበጠሰም። ጋሼም አልለቀቀውም። መልቀቂያውን የሳብኩት እኔ ነኝ። እኔ ከፊት በሞተር አውሮፕላን እጎትታለሁ፣ ባልሽ ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ በግላይደሩ፣ ከኋላዬ ይከተላል፤ በመካከላችን ገመድ አለ። ይህን ለአንቺ ማስረዳት አይገባኝም ነበር፤ ስንት ዓመት እሁድ እሁድ የበረራ ሜዳው አጥር ጋ ቆመሽ አይተሽናል። የኋለኛው ከፊተኛው በላይ ከልክ አልፎ ከወጣ የፊተኛውን ጭራ ወደ ላይ አንጠልጥሎ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋዋል። ያን ቀን ገና ከዛፎቹ ጫፍ ትንሽ ከፍ እንዳልን ጋሼ ከላዬ ወጣብኝ። ለቀቅኩት። እሱ ከአጥሩ ማዶ ወደቀ፣ ጀርባው ተጎዳ፤ እኔ በሰላም አረፍኩ። እንደዚህ ሲጻፍ እንዴት እንደሚያስጠላ ለራሴም ይታየኛል።

«ለምን ከላይህ ወጣ?» ላልሽው መልስ የለኝም። እሱ አላስታውስም ካለሽ አያስታውስም ማለት ነው።

ልጅሽ ሚጣ ደህና ናት፤ የበረራ ትምህርቷንም አላቋረጠችም። «አጎቴ» ስትለኝ ድምጿ ቀዝቀዝ ብሏል። ምን ብለሽ እንደጻፍሽላት አልጠየቅኋትም።

የጋሼን ጫማና መነጽሩን ልኬያለሁ። ግላይደሩ ውስጥ የሚቀመጥበትን ትራስም ጠይቀሽ ነበር። ተቀዳዶ ስለማይሆን ጣልኩት።

ወንድምሽ


ጥቅምት 15

ለወንድሜ፣

ወንድሜ ያልኩህ አንዲት እናት ስለወለደችን ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው።

«እንዴት አደረ?» ትለኛለህ። በጀርባው አደረ። እንዳስተኙት አደረ። እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ሐኪሙ ሲያዘው ፊቱ በላብ ይጠመቅና አውራ ጣቱ ብቻ ትንቀሳቀሳለች፤ እኛም ለአንድ አውራ ጣት እልል እንላለን። እንዲህ ነው ያደረው።

አጥሩ ጋ ቆሜ አይቻለሁ፣ እውነትህን ነው። ያየሁት ወንድሜ ባሌን በገመድ ይዞ ሲወጣ ነበር። የሌሎቹ አብራሪዎች ሚስቶች ሲጨነቁ እኔ «የእናቴ ልጅ ነው የያዘው» ብዬ ሳንድዊቼን እገምጥ ነበር። አይ ሞኝነት! ጫማና መነጽር መላክህስ ምን ይባላል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን የሚሄድበት እግር የለው፣ ጫማ ላክህለት።

የክለቡ ኮሚቴ ቃሉን በጽሑፍ ጠይቋል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የምጽፍለት እኔ ነኝ። «ጎታቹ ደንግጦ ያለምክንያት ለቀቀኝ» ብዬ ጽፌ አነበብኩለት። ጣሪያውን እያየ ዝም አለ። ዝም ካለ ተስማምቷል። ወረቀቱ ከደረሰ የመብረር ፈቃድህን እንደሚነጥቁህ አውቃለሁ፤ አውቄ ነው የምጽፈው።

ሚጣን በተመለከተ፣ ከዚህ በኋላ መብረር የለም ብያት ነበር። ልጅቷ የአባቷ ልጅ ናት፣ እምቢ አለች። አባቷም ከአልጋው ላይ ሆኖ «ተያት፣ ትውጣ» አለኝ። እሺ ብያለሁ። ግን ለብቻዋ የምትወጣ ቀን ከአንተ ኋላ አትታሰርም። አዲሱ ጎታች ይጎትታት። እሱ ቢያንስ የሥጋ ዘመድ ስላልሆነ ይጠነቀቃል።

ትራሱን ጣልኩት አልክ? እኔ ከአባባ ቱታ የሰፋሁትን? አባታችን ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ አንተን ያስተማረበትን ቱታ? ባሌን በክለቡ ውስጥ «ዘለግ» እያላችሁ ስትስቁበት፣ አጭሩ ሰው ቀና ብሎ እንዲያይ ብዬ ነበር የሰፋሁለት። ደግነቱ ከጨርቁ ተርፎኛል። ለሚጣም እሰፋላታለሁ፤ እሷም ቁመት ሲታደል አልነበረችም።

የዘለግ ሚስት


ጥቅምት 22

እትዬ፣

ሰላም ለአንቺና ለጋሼ። የአውራ ጣቱን መንቀሳቀስ በማየቴ፣ ማለቴ በደብዳቤ በማየቴ፣ ደስ ብሎኛል። ብትሰድቢኝም ደስ ብሎኛል።

ለኮሚቴው የፈለግሽውን ጻፊ። አልከራከርሽም።

አዲሱን ጎታች ግን እንደገና አስቢበት። እኛ የምንጎትት ሰዎች ከፊታችን ትንሽ መስታወት አለችን፤ ከኋላ የሚከተለንን የምናየው በእሷ ነው። ይኼ ልጅ መስታወቷን ወደ ራሱ አዙሮ ፀጉሩን ሲያበጥር ሁለት ጊዜ ይዤዋለሁ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ቆንጆ ነኝ ብሎ ነው። ልጅሽን ግን ለቆንጆ አልሰጥም።

ለሚጣ ትራስ አትስፊ። እባክሽን። ስፖንጅ በልኳ ቆርጬ መቀመጫው ላይ በማጣበቂያ ለጥፌላታለሁ፤ ቁጭ ስትል አሻግራ ታያለች። ትራስ አያስፈልጋትም።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

አንተ፣

ሚጣ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ሰው ሁሉ እያየ፣ ልትወጣ መቀመጫዋ ላይ ከተቀመጠች በኋላ፣ ትራሱን ከሥሯ መንጭቀህ አወጣኸው አሉ። እሱ አልበቃህ ብሎ በቢላ ቆራርጠህ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ከተትከው አሉ።

በቢላ! የአባባን ልብስ በቢላ! እጅህ አልተሳሰረም? እኔ አይኔ እየፈዘዘ ከአልጋው አጠገብ በአሮጌ ሲንጀር የስፌት መኪና፣ ባሌ ሲያቃስት እያቆምኩ፣ ሲተኛ እየቀጠልኩ የሰፋሁት ነው። ጨርቅ ምን በደለህ? በእኔ ከተናደድክ እኔን ስደበኝ፤ ከሞተ ሰው ቱታ ጋር ምን ያጣላሃል?

ልጅቷ «ለምን?» ብላ ስትጠይቅህ «ሕግ ነው» አልካት። የምን ሕግ? ማን ያወጣው? ክለቡ ውስጥ ትራስ የሌለው ሰው ነበር እንዴ? ጸሐፊዋን ስልክ ደውዬ ጠየቅኳት፤ «ከአደጋው በኋላ እሱ ነው ከሁሉም ላይ ያስወጣው፣ ምክንያቱን አልነገረንም» አለችኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። እኔ ባሌን ለምን ጣልከው እልሃለሁ፣ አንተ የትራስ ሕግ ታወጣለህ።

ለባሌ ነገርኩት። አብሮኝ ይናደዳል ብዬ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ደግ አደረገ» አለ። መድኃኒቱ ነው የሚያናግረው።

ለኮሚቴው የጻፍኩት ወረቀት እስካሁን እጄ ላይ ነው። ለምን እንዳቆየሁት አላውቅም፤ ሆዴ እምቢ ብሎኝ ነው። አንድ ምክንያት ጻፍልኝ። ትራሱን ለምን እንደቆረጥክ፣ አንድ ብቻ። ካልጻፍክ እልከዋለሁ፣ አንተም ከእንግዲህ የምትጎትተው ጋሪ ይሆናል።


ኅዳር 5

እትዬ፣

ወረቀቱን ላኪው።

ጋሼን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ለጎታቹ፣

ላክሁት። ፈቃድህን እንደያዙብህ ጸሐፊዋ ነግራኛለች። ሜዳው ላይ እንዳትደርስ መባልህንም ሰምቻለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ምሳ መብላት አቃተኝ እንጂ ደስስ አላለኝም። ይህንንም የምጽፈው እንድታውቀው እንጂ እንድታዝንልኝ አይደለም።

«ላኪው» ትለኛለህ፣ እንደ ጀግና! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለህ ነው። ጥፋተኛ ካልሆንክ ለምን አልጮህክም? ጥፋተኛ ከሆንክ ለምን ይቅርታ አልጠየቅክም? እኔ ይኼ መሃል ላይ መንሳፈፍ ነው የሚያቃጥለኝ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ይቆጭህ። ለሚጣ ሁለተኛ ትራስ ሰፍቻለሁ። ከአባባ ቱታ የመጨረሻው ቁራጭ ነው፣ ኪሱ ራሱ አለበት። የአባቷ ትራስ ማሰሪያው አጭር ስለነበር ይላላብኛል እያለ ያማርር ነበር፤ የእሷን ረዘም አድርጌ፣ ጨርቁንም ደርቤ ሰፍቼዋለሁ፤ መቀመጫውን ዞሮ ተርፎ በጎን በኩል ይታሰራል። በሰው እጅ ደርሷታል፣ የት እንደደበቀችውም አታገኘውም። «ማንም እንዳያይብሽ የግላይደሩ ክዳን ሊዘጋ ሲል አውጥተሽ ቶሎ እሰሪው» ብያታለሁ። ቅዳሜ ለብቻዋ ትወጣለች። አዲሱ ጎታች ይጎትታታል። አንተ እቤትህ ተቀምጠህ ሰማዩን እይ።

የዘለግ ሚስት


ኅዳር 12

እትዬ፣

ሰላምታ ለማብዛት ጊዜ የለም። ደብዳቤሽ አሁን ነው የደረሰኝ፤ ከዚያ ጀምሮ እየደወልኩ ነው፣ እንዳልሽው አላነሳሽም። ሹፌሩን «እስክታነብ ከፊቷ እንዳትሄድ» ብዬ ለምኜዋለሁ።

ፖስታው ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ አለ። መጀመሪያ እሱን አውጪው። የማን ስፌት እንደሆነ አልነግርሽም፣ ከእኔ ይልቅ ጣትሽ ያውቀዋል። ጫፉ ላይ ተጨፍልቆ የጠቆረውን ተመልከቺ። የግላይደሩ ክዳን መቆለፊያ የነከሰው እዚያ ላይ ነው።

ክዳኑ ትልቅ መስታወት ነው፣ ከጎን ተከፍቶ ይዘጋል። ያን ቀን የጋሼ ትራስ ማሰሪያ ላልቶ ጫፉ በጎን ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ማንም ልብ አላለውም። ክዳኑ ሲዘጋ መሃል ገባ። ጋሼ መቆለፊያውን ገፋው፣ ሄደለት። እንደ ደንቡ በመዳፉ ወደ ላይ ገፍቶ ፈተሸው፤ ጨርቁ ጥርቅም አድርጎ ስለያዘው አልነቃነቅም አለ። የተቆለፈ መሰለው። የመቆለፊያው ምላስ ግን ቀዳዳው ውስጥ አልገባም ነበር። ፍጥነት አግኝተን ከመሬት ስንነሳ ነፋሱ መጠጠውና ክዳኑ ብርግድ ብሎ ተከፈተ።

ክዳን ስለተከፈተ ብቻ ሰው አይሞትም፤ ነፋሱ ፊትሽን ይገርፍሻል፣ ጫጫታው ያደነቁርሻል፣ በቃ። የሚገድለው ዓይንን ከጎታቹ ላይ መንቀል ነው። ጋሼ ይህንን ለስንቱ ተማሪ አስተምሯል! ነገር ግን ጆሮው ሥር ሲፈነዳበት እጁ ሄደ፣ የሰው እጅ ነዋ። ክዳኑን ሊይዝ ዞር አለ። ዞር ባለበት ግላይደሩ ሽቅብ ወጣ። እኔ በመስታወቴ ሳየው ቆይቼ ድንገት አጣሁት። ጭራዬ ወደ ላይ ተነሳ። መሪውን እስከ ሆዴ ሳብኩት፣ አፍንጫዬ ቀና አልል አለ፤ ከፊቴ ሰማይ ጠፍቶ ሁሉ መሬት ሆነ። መልቀቂያውን ሳብኩት፣ እምቢ አለ። ገመዱ ወደ ላይ ሲወጥረው መንጠቆው ይነክሳል። በሁለት እጄ ሳብኩት፣ ያን ጊዜ ለቀቀ። ስቃና ጎማዬ የማሳውን ሰብል መትቶ ነበር። ደንግጠህ ለቀቅከው ብለሻል። አዎ ደንግጫለሁ፣ እትዬ። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

አርፌ ሮጬ ስደርስ ጋሼ ማሳው ላይ ተጋድሟል፣ እግሩ አይሰማውም። ማሰሪያው መቆለፊያው ውስጥ እንደተነከሰ ነበር፤ እሱም አይቶታል። መጀመሪያ ያለኝ «ውሃ» አይደለም፣ «ጀርባዬን» አይደለም። «እንዳትነግራት» ነው ያለኝ። «በእጇ የሰፋችው እንደሆነ ካወቀች ትሞትብኛለች፤ ማልልኝ» አለኝ። ማልኩለት። በኪሴ ቢላ ቆርጬ አወጣሁት። እሱ አላስታውስም አለሽ፤ እኔ ለሚጣ ሕግ ነው አልኳት። ትራስ የሚባል ነገር ሁሉ ካስወጣሁ ሌላው ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ብትጠዪኝም መርፌሽን ከምትጠዪ እኔን ጥዪኝ ብዬ ነበር።

አሁን መሐላው አበቃ። ረጅም፣ ድርብ፣ በጎን የሚታሰር ማሰሪያ፣ ያውም ክዳኑ ሊዘጋ ሲል በጥድፊያ! እትዬ፣ ከዚህ የባሰ ሆን ብለሽ ብትሰፊ አትሰፊም ነበር።

ለሚጣ አልነገርኳትም። ደብቀሽዋል ወይ ብዬ ብጠይቃት «እናቴን ጠይቃት» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እኔ ብነግራት እናቷን እንደከሰስኩ ትቆጥረዋለች፣ አታምነኝም። አንቺው ደውዪላት። እስከዚያ ግን ማንም አይወጣም፤ በአጥሩ ሾልኬ ገብቼ የጎታቹን አውሮፕላን ቁልፍ ወስጃለሁ። ኮሚቴው ሌባ ብሎ ሊከሰኝ ነው። ይክሰሰኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 13

ወንድሜ፣

ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነው፣ ስለዚህ ልቤ ውስጥ ያለው ሁሉ እዚህ አይገባም።

ጨርቁን አውጥቼ ምንም ሳልናገር ባሌ ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጥኩት። ገና ሲያየው «ያ ወሬኛ! ምሎልኝ ነበር እኮ» አለ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ነርሷ መጥታ ምን ሆናችሁ እስክትለን ድረስ አለቀስን።

ያንን ስጨርስ ግን ተናደድኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው። ሁለት ወንዶች ሜዳ ላይ ሆናችሁ በእኔ ላይ መከራችሁ። ለእኔ ማዘናችሁ ነው? ባታዝኑልኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ሰፊ ነኝ፤ የሰፋሁት ልብስ ሲበላሽ ተበላሸ በሉኝ፣ ፈትቼ አስተካክላለሁ። እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ልቤ ተሰብሯል፣ አልዋሽህም። እሱን እድሜ ልኬን እሸከመዋለሁ። እናንተ ግን የእኔን ልብ ስትጠብቁ ልጄን ልትገድሉብኝ ነበር! ሌላ እናት፣ ልጇን እቤቷ በሠራችው ትራስ የላከች፣ እሷስ? እሷን ማን ሊነግራት ነበር? ሆድ ይፍጀው ትላለህ። ሆድ የሚፈጀው የባለቤቱን ነገር ነው፣ የሰው ልጅ ነፍስ አይደለም።

ለሚጣ ደወልኩላት። «የአባትሽን ክዳን ያስከፈተው የእኔ ማሰሪያ ነው» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ከዚያ በስልኩ ውስጥ መቀስ ሰማሁ። ስፌቴ ጠንካራ ስለሆነ መቀሱ ሲታገል ይሰማኛል፤ እስኪጨርስ ስልኩን አልዘጋሁም። «ኪሱን አስቀርቼዋለሁ፣ እማ» አለችኝ።

ከዚህ ጋር ለኮሚቴው ሁለተኛ ወረቀት አለ። የመጀመሪያውን እኔው ከራሴ እንደጻፍኩት፣ ባሌም እንዳላለው ገልጫለሁ። ከክዳን ሥር ማሰሪያ ያለው ነገር እንዳይገባ የአውሮፕላን መጋዘኑ በር ላይ ይለጥፉት። ማን እንደሰፋውም ይጻፉበት፤ ሰው ካለምክንያት ሕግ አይሰማም፣ እኔ ምስክር ነኝ።

ቁልፉን መልስ። ቅዳሜ ሚጣ አትወጣም፤ ፈቃድህን እስኪመልሱልህ ጠብቂ ብያታለሁ፣ እሺ ብላለች። ያ ፀጉር አበጣሪ ልጄን አይጎትታትም። አንተ ጎትታት። ይህን ስልህ ይቅር ብዬሃለሁ ማለቴ አይደለም፣ ገና ነው፣ መቼ እንደሆነም አላውቅም።

መስታወቷን እያየህ ጎትታት። ከላይህ ከወጣችብህ ግን እንደዚያን ቀን በሁለት እጅህ ስበህ ልቀቃት። እኔ አልጠይቅህም።

እህትህ